የመኪናን የፊት መብራት ቤት ውስጥ ከፍቶ መልሶ ማሸግ

የፊት መብራት መክፈት ማንም ይከፍታል። ጉዱ መዝጋቱ ላይ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ቪትዝ ነው። ድሬ (ድሬዳዋ) ላይ ከፈትኩት፣ ውስጡን ጥቁር ቀባሁት፣ በሲሊኮን ዘጋሁት፣ ከዚያ ሳምንት ሙሉ በከዚራ ሰፈር ተንጎራደድኩበት። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ወደ ሐረር ስወጣ መንገድ ላይ ያለው የደንገጎ ዳገት ላይ ዝናብ ተቀበለኝ። ሐረር ደርሼ ብወርድ የግራው መብራት ከውስጥ አልቦት ውሃው ኮለል እያለ ይወርዳል። አቦ፣ እንዴት እንደተናደድኩ!

ነገሩ ግን ቀላል ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሙቅ ከተማ ነች፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። መብራቱ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ ብርድና ዝናብ ሲያገኘው ደግሞ ይሰበሰብና ከውጭ አየር ይስባል። መሳቡ በራሱ ችግር የለውም፤ ፋብሪካው ለዚሁ ብሎ ከጀርባው ትንንሽ መተንፈሻ ሠርቶለታል። ችግሩ በመተንፈሻው ፋንታ በጠርዙ ሲስብ ነው። ያኔ እዚያ የቆመውን የዝናብ ውሃ ይዞ ይገባል።

መክፈት ያስፈልጋል ወይ?

መስታወት የምንለው የዛሬ መኪኖች የፊት መብራት ፊት መስታወት አይደለም፤ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ቢጫ የሚያደርገው ፀሐይ ነው፣ ድሬ ላይ ደግሞ ፀሐይ አይጠፋም። ቢጫነቱ ብዙ ጊዜ ከውጭ ስለሆነ ለእሱ ብላችሁ አትክፈቱ። ከውጭ በ800፣ ከዚያ በ1500፣ ከዚያ በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያፈሰሳችሁ ፈትጉት፣ በፖሊሽ አብሱት፣ በመጨረሻም ፀሐይ የሚከላከል ግልጽ ቫርኒሽ ንፉበት። የጥርስ ሳሙናም ይሠራል ይላሉ። ይሠራል፣ ለጥቂት ሳምንት። (የሐረር ፔጆ 404 ያላችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ የእናንተ እውነተኛ መስታወት ነው።)

መክፈት የሚያስፈልገው ውሃ ወይም አቧራ ከገባ፣ ውስጥ የተሰበረ ነገር ካለ ወይም ውስጡን መቀባት ካማራችሁ ነው።

ሌላም አለ። መብራቱ የታሸገበትን ነገር እዩ። ጠርዙ ላይ ወጣ ያለውን በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት። ጥቁር ሆኖ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ከሆነ ቡቲል ነው፣ በሙቀት ይለቃል፣ ተመስገን በሉ። ደርቆ እንደ ጎማ የጠጠረና ጥፍር የማይቀበል ከሆነ ግን ሙቀት አይፈታውም፤ እሱን ለመክፈት መቁረጥ ነው የሚያስፈልገው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ደግሞ ፕላስቲኩን ሰብሮ ነው የሚያቆመው። እንደዚያ ከሆነ ተዉት።

ማውለቅና ማሞቅ

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ብዙ መኪና ላይ ፓራውልቱ (ባምፐሩ) ካልወረደ መብራቱ አይወጣም፤ እያንዳንዱን ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፣ በኋላ ሁለት ብሎን እጃችሁ ላይ ሲተርፍ ታመሰግኑኛላችሁ። አምፖሎቹን በሙሉ፣ የጀርባውን ጎማ ሽፋን፣ ፊትና ጀርባውን የያዙትን ቪቴዎችና ክሊፖች አውጡ። አንድ ቪቴ ተደብቆ ከቀረ ስትጎትቱ የሚሰነጠቀው እዚያ ጋ ነው። የሃሎጅን አምፖል ብርጭቆውን በባዶ እጅ አትንኩ፤ የጣታችሁ ቅባት ሲግል ያቃጥለዋል።

አሁን ማሞቅ። የኤሌክትሪክ ኦቨን ካለ 100 ዲግሪ ላይ አድርጉትና ቀድሞ ይሙቅ። ብረቱ ላይ ጣውላ አንጥፉና መብራቱን እላዩ አስቀምጡ፤ ፕላስቲኩ ብረት እንዳይነካ። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። የጀርባው ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ የፊቱም ከዚያ ቀደም ብሎ ይለሰልሳል። ስለዚህ «ትንሽ ልጨምርለት» የሚባል ነገር የለም። የጋዝ ኦቨን አልመክርም፣ እሳቱ አንድ ጎን ይመታል። መስኮት ክፈቱ፣ ከዳቦ ጋርም አብራችሁ አታስገቡት። ከእናታችሁ ፈቃድ መጠየቃችሁንም አትርሱ፤ እኔ ሳልጠይቅ አስገብቼ ለሁለት ሳምንት «የመኪና ዳቤ» ሲሉኝ ከርመዋል።

ኦቨን የሌለው ሙቅ አየር የሚነፋ ማሽን ይጠቀም፤ ግን ሳይቆም ጠርዙን ይዙር፣ አንድ ቦታ ከቆመ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል። ድሬ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልላችሁ አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ አስጡት። ፀሐይዋ ብቻዋን አትከፍተውም፣ ሥራውን ግን ታቀልላለች። ሐረር ላይ የምትሠሩ እጃችሁን አፍጥኑ፤ ቡቲሉ ቶሎ ይጠጥርባችኋል።

ጓንት አድርጉ። ከአንዱ ማዕዘን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገቡና በቀስታ ከፈት፣ ከፈት እያደረጋችሁ ዙሩ። ከተጣበቀ አትታገሉት፣ መልሳችሁ አሙቁት።

ውስጡን መንካትና አለመንካት

ከሁሉ በላይ ይህን ያዙልኝ፤ ከአምፖሉ ጀርባ ያለውን፣ መስታወት መስሎ የሚያበራውን አንጸባራቂ እንዳትነኩት። በጣም ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን ነው። እኔ በለስላሳ ጨርቅ «ልወልውለው» ብዬ አንድ ጊዜ ስዳብሰው ብሩ ከጨርቁ ጋር ወጣ፤ ያ ቦታ እስከ ዛሬ ጨለማ ነው። አቧራ ካለው በአየር ንፉት፣ በቃ። የፊቱን ፕላስቲክ ግን በለብታ ውሃና በትንሽ ሳሙና ማጠብ ይቻላል፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው።

ጥቁር መቀባት የምትፈልጉ ዙሪያውን ያለውን ፍሬም ብቻ ፈታችሁ አውጡ። በ800 ወረቀት አደብዝዙት፣ ሙቀት በሚችል ስፕሬይ በስሱ ሦስት ጊዜ ንፉ፣ በየመሃሉ ይድረቅ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሳይደርቅ ከዘጋችሁት የቀለሙ ጢስ ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎ ጭጋግ ይሠራል፣ ከዚያ እንደገና መክፈት።

ለሃሎጅን የተሠራ መብራት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል መክተት ፋሽን ሆኗል። እኔ አልወደውም። የሃሎጅኑ ጨረር የሚነሳበትን ነጥብ አይቶ ነው አንጸባራቂው የተቀረጸው፤ የኤልኢዲው ነጥብ ትንሽ ከሳተ ብርሃኑ ይበተናል። የደንገጎን ጠመዝማዛ በሌሊት የወጣ ሰው ከፊት የሚመጣ እንዲህ ያለ መብራት ምን እንደሚያደርገው ያውቃል።

መዝጋቱ

አሁን ዋናው መጣ። የድሮውን ቡቲል ሞቅ እያለ፣ ፊቱ ከሚገባበት የጀርባው ቦይ ውስጥ ፋቁ፣ ከፊቱም ጠርዝ ላይ። ሲሊኮን የቡቲል ቅሪት ላይ አይይዝም፤ የእኔ መብራት ያፈሰሰው በዚህ ነው። ደግሞም ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን በፍጹም አታስጠጉት፣ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ያንን ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን ይበላል።

የሚያስፈልጋችሁ እንደ ገመድ የተጠቀለለ ጥቁር ቡቲል ነው። ድሬ ታይዋን ገበያ ዞር ዞር በሉ ወይም የመኪና መስታወት የሚገጥሙ ሰዎችን ጠይቁ። በቱቦ የሚጨመቀውን ከሰጧችሁ እምቢ በሉ፤ እሱ አንዴ ከደረቀ መብራቱ ሁለተኛ አይከፈትም።

ገመዱን ቦዩ ውስጥ ሳትስቡት አስተኙ፣ ከሳባችሁት ይቀጥናል። ሳይቆራረጥ አንድ ዙር ይዙር። መጋጠሚያው ከላይ አይሁን፣ ከኮፈኑ የሚወርደው ውሃ የሚቆመው እዚያ ነው፤ ጎን ላይ አድርጉትና ሁለቱን ጫፍ አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ በጣት አዋህዱ። ፊቱን ግጠሙ፣ ኦቨን ውስጥ ለ7 ደቂቃ መልሱ፣ አውጥታችሁ ዙሪያውን በእኩል ጫኑ፣ ክሊፖቹንና ቪቴዎቹን መልሱ። በመቆንጠጫ አስራችሁ ይብረድ። እኔ አሁን አንድ ጊዜ አሙቄ አልተውም፣ ሁለተኛ አሙቄ እጫነዋለሁ። ክፍተት ያለው ሁለተኛው ላይ ነው የሚያስታውቀው።

መኪናው ላይ ሳትገጥሙት ፈትሹት። የአምፖሉን ቀዳዳዎች በፕላስተር ዝጉ፣ ከመተንፈሻዎቹ አንዱን ብቻ ክፍት ተዉ፣ ጠርዙን ሳፋ ውሃ ውስጥ እየነከራችሁ በክፍቱ በኩል በአፋችሁ በቀስታ ንፉ። ጎማ የሚለጥፍ ሰው እንደሚያደርገው ማለት ነው። አረፋ ካወጣ እዚያ ጋ ምልክት አድርጉ፣ አድርቁ፣ አሙቁ፣ ጫኑ። ከጨረሳችሁ ፕላስተሩን በሙሉ አንሱ፤ መተንፈሻ የተዘጋበት መብራት ያለ ቀዳዳም ያልበዋል። ውሃው እንዲወጣ ከሥር በመሰርሰሪያ ቀዳዳ የሚያበጁ አሉ። ውሃው ሲወጣ የድሬ አቧራ ይገባል፤ ምን አተረፋችሁ?

ማስተካከል

የወለቀ መብራት ሲመለስ አቅጣጫው መሳቱ አይቀርም። ማታ ሜዳ ላይ፣ ጎማዎቹ እኩል ተነፍተው፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ። የመብራቱን መሃል ከመሬት ለኩና ያንኑ ከፍታ ግድግዳው ላይ አስምሩ። የአጭር መብራቱ የላይኛው ጠርዝ ከመስመሩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ከጀርባ ያለችውን ማስተካከያ ቪቴ በትንሽ በትንሹ አዙሩ።

መጨረሻ ላይ የብርሃኑን ቅርጽ እዩ። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ አጭር መብራት በቀኝ በኩል ነው ከፍ የሚለው፣ የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መብራት ግን በግራ ይነሳል፣ ማለትም ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ውስጥ። መሪው ወደ ግራ ተቀይሮለት መብራቱ ያልተቀየረለት መኪና ካላችሁ ይህን ችግር ቪቴ ማዞር አይፈታውም፤ ለቀኝ መንገድ የተሠራ ሌላ መብራት መግዛት ነው።