አዮዲን ያለው ጨው ገዝተን አዮዲኑን የምናባክንባቸው ስህተቶች

ነፍሰ ጡሮችን ስለ አዮዲን ስጠይቃቸው እጃቸው ወዲያው ወደ አንገታቸው ይሄዳል። «እንቅርት የለብኝም እኮ፣ ሲስተር!»

በእርግዝና ክትትል በሠራሁባቸው ዓመታት እንደዚህ ስህተት ያንገበገበኝ የለም፤ አዮዲንን የአንገት ጉዳይ ብቻ ማድረግ። እንቅርት የሚወጣው አንገት ውስጥ ያለው የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ሲያጣ ሆርሞን ለማምረት እየታገለ ስለሚያብጥ ነው። አንገት ሳያብጥም ግን እጥረቱ ሊኖር ይችላል። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን ሆርሞን አያመርትም፤ አንጎሉ የሚገነባው ከእናቱ በሚያገኘው ነው። እናትየዋን አዮዲን በጣም ካጠራት ፅንሱ ሊወርድ ወይም ሕፃኑ ሞቶ ሊወለድ ይችላል፤ በሕይወት ቢወለድም መስማት የተሳነው ወይም የአእምሮ ዕድገቱ የተገታ ሊሆን ይችላል። እጥረቱ ቀለል ያለ ከሆነ ደግሞ ልጁ ደህና ይመስላል፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ይከብደዋል፣ «ሰነፍ» እየተባለም ይገረፋል። ያ ልጅ ሰነፍ አይደለም! ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም ነው የሚያስፈልገው፤ በዓይን የማትታይ ቅንጣት። ያቺ ቅንጣት ጠፍታ ልጅ ሲጎዳ ማየት እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

ጨው ማጠብ። አንዲት ነፍሰ ጡር ቤት ብሄድ ገና የገዛችውን ጨው አጥባ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች። ፓኬቱ ውስጥ ከተረፈው ቆንጠር አድርጌ አዮዲን መኖሩን የሚያሳየውን የመመርመሪያ ፈሳሽ ጠብ ሳደርግበት መልኩ ወይን ጠጅ ሆነ። የታጠበው ላይ ጠብ ባደርግ ነጭ እንደሆነ ቀረ። «ቆሻሻው ነው እኮ የወጣለት» አለችኝ ደንግጣ። አዮዲኑ የሚረጨው ጨው ላይ ስለሆነ ውኃ ሲነካው ታጥቦ ይሄዳል። አልተቆጣኋትም። እኔም ነርስ ከሆንኩ በኋላ ሳይቀር እናቴ እንዳሳየችኝ ሳጥብ ኖሬያለሁ፤ የመጀመሪያ ልጄንም ያረገዝኩት ያን ጨው እየበላሁ ነው።

ጨውን ክዳን በሌለው ጣሳ ምድጃ ጥግ ማስቀመጥ። ሙቀት፣ ፀሐይና እርጥበት አዮዲኑን ያጠፉታል።

ገና ሽንኩርቱ ሲቁላላ ጨው መጨመር። ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ። በርበሬና ሽሮ ውስጥ ገብቶ ወራት በሚቀመጠው ጨው ላይም አትተማመኑ።

«እኛ ጎመንና ገብስ ከጓሯችን ነው የምንበላው» ማለት። የደጋው አፈር አዮዲኑን ዝናብና ጎርፍ ጠርጎ ወስዶታል፤ ከአፈሩ የሌለ እህሉም ውስጥ የለም።

ከተከፈተ ጆንያ እየተሰፈረ የሚሸጥ ጨው መግዛት። ከኤርትራ ጋር በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ከመነሳቱ በፊት አዮዲን የተጨመረበት ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር። ያ ሲቋረጥ ከአፋር የሚመጣው የአፍዴራ ጨው አዮዲን ሳይኖረው ለዓመታት ተበላ፤ በ2003 ዓ.ም. ነው ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በደንብ የታዘዘው። ዛሬም ታሽጎ «አዮዲን ያለው» ተብሎ የተጻፈበትን ፈልጉ። አሞሌው ለከብቱ ይሁን።

አዮዲን ለማብዛት ብሎ ጨው ማብዛት። ደም ግፊት ሲጨመርበት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ለአዋቂ በቀን አንዲት የሻይ ማንኪያ፣ ወጡም እንጀራውም ውስጥ ያለው ተደምሮ፣ ከዚያ አይለፍ።

የቆየ እንቅርትን በጨው አሟሟዋለሁ ብሎ መጠበቅ፣ ወይም መተኮስና መበጣት። ትልቅ ሆኖ የከረመ እብጠት በጨው ብቻ አይጠፋም። በተለይ መዋጥ ካስቸገረ፣ ድምፅ ከጎረነነ ወይም ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠረ ሳምንት ሳትቆዩ ሆስፒታል ሂዱ።