ምጣዱ ሳይጣድ፦ ስደተኛ ሴቶችን በምግብ ሥራ ስናቋቁም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሙያው አላቸው። በአዲስ አበባ፣ በጎፋ መብራት ኃይል እንጀራና ሕምባሻ የሚጋግሩ ኤርትራውያንም ሆኑ በቦሌ ሚካኤል ሳምቡሳ የሚጠብሱ ሶማሊያውያን እናቶች አብዛኞቹ ሲሠሩ የኖሩትን ምግብ ነው የሚሸጡት። በድጋፍ የተጀመረው ሥራ በጥቂት ወራት ሲቆም ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምጣዱ ገና ሳይጣድ ደጋፊዎች በወሰኑት ነገር ላይ ነው።

የምታውቀውን ማሠልጠን

እንጀራ ስትጋግር ለኖረች ሴት የሁለት ሳምንት የምግብ ዝግጅት ሥልጠና ትርፉ የምስክር ወረቀት ብቻ ነው። ጊዜውና ገንዘቡ ለዋጋ አወጣጥ፣ ለሒሳብ አያያዝና ለገበያ ፍለጋ ይዋል፤ ያውም በምትሰማው ቋንቋ፣ በሶማሊኛ ወይም በትግርኛ።

የመብራት መስመሩን ሳያዩ ምጣድ መግዛት

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ገደማ ማለት ነው። በኪራይ ግቢ ውስጥ ለአንድ አምፖልና ለቴሌቪዥን ተብሎ በቀጭን ሽቦ የተቀጠለ መስመር ይህን አይችልም። ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል። ቮልቴጁ ሲወርድ ደግሞ ምጣዱ በቅጡ ስለማይግል እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ደንበኛው የሚወቅሰው ግን የሴትየዋን እጅ ነው።

ሒሳቡም አለ። ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በቀን 4 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ሳይቋረጥ ቢሠራ 364 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር ወደ ውድ እርከን ስለሚያልፍ፣ ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የጎረቤቶቿም ክፍያ አብሮ ይንራል። ከአከራይ ጋር የሚያጣላው፣ ቤት የሚያስለቅቀውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ኤሌክትሪሺያን መስመሩን ይየው። ለእያንዳንዱ ምጣድ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ ሽቦና የራሱ ብሬከር ይዘርጋለት። የእሷን ፍጆታ ለብቻ የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ይግባ፤ ክፍያው እንዴት እንደሚሰላም ከአከራይዋ ጋር በጽሑፍ ይፈራረሙ። መብራት በጠፋ ቀን ሊጡ አልፎት እንዳይኮመጥጥ የማገዶ ምድጃ፣ ለምሳሌ «ምርጥ» የሚባለው፣ በመጠባበቂያነት ይኑር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባለ 200 ሊትር በርሜል ከምጣዱ እኩል አስፈላጊ ነው።

ወጪን ለተጋገረው ማካፈል

ምሳሌ እንውሰድ። 100 እንጀራ ለመጋገር ጤፍ፣ መብራት፣ ውሃ፣ መጓጓዣ፣ የቤት ኪራይ ድርሻና የእሷ የጉልበት ዋጋ ተደምሮ 1,700 ብር ወጣ እንበል። ለአንዱ 17 ብር ይመስላል። ነገር ግን 8ቱ ተቀደዱ፣ 7ቱ ሳይሸጡ አደሩ። የተሸጠው 85 ስለሆነ የአንዱ ወጪ 20 ብር ነው። በ19 ብር የሸጠች ሴት በያንዳንዱ 2 ብር አተረፍኩ እያለች በቀን 85 ብር ትከስራለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ስንት ተጋገረ፣ ስንት ተበላሸ፣ ስንት ተሸጠ የሚሉ ሦስት ቁጥሮችን መመዝገብ፤ ዋጋውን ከዚያ በኋላ ማውጣት።

ዱቤን አለመቁጠር

ለምግብ ቤት ማቅረብ እንደ ትልቅ ስኬት ይታያል። በቀን 200 እንጀራ በ20 ብር አቅርባ በ15 ቀን የሚከፈላት ከሆነ ግን 60,000 ብር ሰው እጅ ላይ ነው። ያን የሚሸፍን የሥራ ማስኬጃ ከሌላት ጤፍ መግዣ ታጣለች። ውሉ በየ3 ቀኑ የሚከፈል ይሁን፤ ካልሆነ የምታቀርበው መጠን ይቀነስ። ድጋፉም በአንድ ጊዜ በዕቃ መልክ አይለቅ። ከሦስት ክፍል አንዱ ለሥራ ማስኬጃ ይቀመጥ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የቤት ቀለብም ለብቻው ይያዝላት። ልጆቿ ሲርባቸው የጤፍ መግዣውን ብታወጣ ማንም ሊፈርድባት አይችልም።

በሌላ ሰው ስም ፈቃድ ማውጣት

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኞች በግልም በቡድንም በጥቃቅንና አነስተኛ ሥራና በንግድ እንዲሰማሩ ይፈቅዳል፤ መብቱ ግን ለውጭ አገር ዜጎች በሚሰጠው ልክ ነው። ሒደቱ ሲንዛዛ ፈቃዱን በኢትዮጵያዊት ጎረቤት ስም ማውጣት አቋራጭ ይመስላል። የተጣሉ ዕለት ግን ፈቃዱም ውሉም በሕግ የጎረቤቷ ናቸው። ምን ዓይነት ሥራ እንደሚፈቀድላት ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎትና ከወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ የደጋፊው ሥራ ነው፤ እሷን ከቢሮ ቢሮ ማንከራተት አይገባም።

ትኩስ እንጀራን በፕላስቲክ ማሸግ

እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ይመለስና እንጀራው ቶሎ ይሻግታል። በሰፌድ ላይ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይታሸግ። ሩዝ ወይም በቆሎ ከተቀላቀለበትም ለደንበኛው ይነገር።

የማይተዋወቁ ሰዎችን በአንድ ማኅበር ማሰር

ለሪፖርት እንዲመች ተብሎ የማይተዋወቁ አሥር ሴቶች አንድ ምጣድ ላይ ይሰበሰባሉ። ቁልፉን ማን ይያዝ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ማን ይነሳ፣ ልጇ የታመመባት ቀን ድርሻዋ ምን ይሁን? እነዚህ ሳይወሰኑ ሥራው ይጀመርና በኩርፊያ ይበተናል። ሥራው የየግል ሆኖ ጤፍ በጅምላ መግዛትን፣ ማስፈጨትንና የልጆች መዋያን ብቻ በጋራ ማድረግ የተሻለ ይሠራል።