ኮሜቱ ቦታው ላይ የለም፣ ኖቫው የደመቀ መሰለኝ፤ ምን ልፈትሽ?

ከጣና ዳር ሆናችሁ ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) ስትፈልጉ፣ ኮሜቱ መቼ የት እንደሚገኝ የሚነግረው ሰንጠረዥ የጠቆማችሁ ቦታ ባዶ ሆነባችሁ? ቴሌስኮፑን አትነካኩት። መጀመሪያ ሰዓቱንና ቀኑን እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

የኮሜት ሰንጠረዥ የሚሠራው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን፤ ስለዚህ «0 ሰዓት» ማለት ባሕር ዳር ላይ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ይህን ብዙዎች ያውቁታል፤ የሚያሳስተው ቀኑ ነው። ፈረንጁ ቀን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ግን እስኪነጋ ድረስ ገና ትናንት ነው። ሰንጠረዡ «ኦክቶበር 15፣ 0 ሰዓት» ካለ መዘጋጀት ያለባችሁ በ14 ማታ ነው። በ15 ማታ እራቱን በልቶ ሌሊት 9 ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ድፍን አንድ ቀን አልፎታል። ምድርን ተጠግቶ የሚያልፍ ኮሜት ደግሞ በቀን 4 ዲግሪ ሊሄድ ይችላል፣ ይህም የ8 ሙሉ ጨረቃ ስፋት ነው፤ በጠባቡ የቴሌስኮፕ እይታ ውስጥ ፈጽሞ አይገኝም።

ቀኑም ሰዓቱም ልክ ከሆነ የምሕዋሩ መረጃ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ኮሜትን ጁፒተር ይጎትተዋል፣ ከራሱ የሚወጣው ጋዝም ይገፋዋል። ስቴላሪየም በተባለው የሰማይ ካርታ ፕሮግራም ላይ አምና የጫናችሁትን አጥፉና የኮሜቶችን ምሕዋር ከሚመዘግበው ከማይነር ፕላኔት ሴንተር አዲሱን ጫኑ።

ቦታው ልክ ሆኖ ካልታየስ? ማግኒቲዩድ የድምቀት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ድምቀቱ ይበልጣል። ማግኒቲዩድ 8 የተባለ ኮሜት ብርሃኑ ስለሚበተን ከማግኒቲዩድ 8 ኮከብ በጣም ይደክማል። ከከተማው መብራት ራቁ፣ ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጡ፣ ዓይናችሁን ትንሽ ወደ ጎን አድርጋችሁ እዩ። ሁሉም ነገር ጭጋግ ከመሰለ የሐይቁ እርጥበት ሌንሱ ላይ ተኝቷል። በነጠላ ጫፍ እንዳትጠርጉት፣ ይጫራል! ካርቶን ጠቅልላችሁ ከሌንሱ ፊት እንደ ቱቦ አውጡለት።

አሁን ወደ ኖቫው፣ ማለትም ፈንድቶ ለአጭር ጊዜ ወደሚደምቀው ኮከብ። ቲ ኮሮና ቦሪያሊስ የተባለው ኖቫ እ.ኤ.አ. በ1866 እና በ1946 ፈንድቶ በዓይን ታይቷል፤ ሌላ ጊዜ ማግኒቲዩዱ 10 አካባቢ ስለሆነ ያለ ቴሌስኮፕ አትልፉ። «ዛሬ ደመቀ» ካላችሁ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛ፣ አንድ ዲግሪ ያህል ርቃ ያለችውን ኤፕሲሎን የምትባል ኮከብ አይታችሁ ይሆናል፤ እሷ ማግኒቲዩድ 4 ስለሆነች ሁልጊዜም በዓይን ትታያለች። ሁለተኛ፣ ኮከቡ ቀላ ያለ ነው፤ ቀይ ኮከብ ላይ ዓይን ሲተከል እየደመቀ የሚሄድ ይመስላል። ስለዚህ አታፍጡበት። ቶሎ ቶሎ እያያችሁ ከአጠገቡ ካሉ ኮከቦች ጋር አወዳድሩት፤ የማወዳደሪያውን ካርታ ኤኤቪኤስኦ (ድምቀታቸው የሚለዋወጥ ኮከቦችን የሚከታተሉ ሰዎች የአሜሪካ ማኅበር) በነፃ ይሰጣል።

ክረምቱ ደመና ስለሆነ ጥሩው ጊዜ ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ ከንጋት በፊት ነው። ኖቫው ያለበትን የኮከቦች ስብስብ፣ የሰሜን ዘውድን፣ አርክቱረስና ቬጋ በተባሉት ደማቅ ኮከቦች መካከል ፈልጉት። ከዘውዱ ኮከቦች ደማቋ አልፌካ ናት፤ እሷን የሚስተካከል ሌላ ኮከብ እዚያው ካያችሁ ሰዓቱን ጻፉና ጎረቤት ቀስቅሱ፤ በዓይን የሚታየው ለሳምንት ያህል ብቻ ነው።