ሽቦውን አታሳጥሩት፦ በኤሌክትሪክ ምጣድ ጥገና ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ለጥገና ከሚመጡልኝ የኤሌክትሪክ ምጣዶች ብዙዎቹ ከዚያ በፊት በሌላ እጅ ያለፉ ናቸው። ገልብጬ ጀሶውን ስፈለፍል ሽቦው ሁለት ሦስት ቦታ ተቋጥሮ፣ አንዱ በኩል ተለጥጦ፣ ሌላው በኩል ተጨናንቆ አገኘዋለሁ። ባለቤቶቹ «የዘንድሮ ሽቦ ጥራት የለውም» ይላሉ። ሽቦው ግን አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ነበር፤ ያበላሸው አገባቡ ነው። ይህን የምጽፈው ሙያውን ለጀመሩ ልጆችና ምጣዳቸውን ቤታቸው ውስጥ ራሳቸው ለሚጠግኑ ሰዎች ነው።

ሽቦ ማሳጠር

ከሁሉም የሚያስቆጣኝ ይኸኛው ነው። ሽቦ ይበጠሳል፤ ጠጋኙ የተቃጠለውን ቆርጦ ይጥልና የቀረውን ስቦ ያገናኛል። ምጣዱ ይሠራል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ቶሎ ይግላል። ባለቤቲቱ ጠጋኙን መርቀው፣ ከፍለው ይሄዳሉ። ቶሎ መጋሉ ግን የጤንነት ምልክት አይደለም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። መስመራችን 220 ቮልት ነው። 220 በ220 ሲባዛ 48,400 ይሆናል፤ ይህ ለሽቦው ኦም (ሽቦው ኤሌክትሪክን ለሚቋቋምበት መጠን) ሲካፈል ዋቱን ይሰጠናል። 16 ኦም የሆነ ሽቦ 3,025 ዋት ያወጣል። 2 ኦም የሚያህለውን ቆርጣችሁ ስትጥሉ 14 ኦም ይቀራል፤ ዋቱም ወደ 3,457 ይወጣል። ሙቀቱ ጨመረ፤ ሙቀቱን የሚሸከመው ሽቦ ግን አጠረ። ሁለቱ ሲደመሩ እያንዳንዱ ሴንቲሜትር ሽቦ ከቀድሞው 30 በመቶ ያህል የበለጠ ሙቀት ማውጣት ይኖርበታል። ስለዚህ ሁለተኛው መበጠስ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ይመጣል፤ እንደገና ይቆረጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ይፈጥናል። ደንበኛችሁ በዓመት ውስጥ ለአንድ ምጣድ ደጋግመው የሚከፍሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይበጠስ የሚያሳጥሩም አሉ፤ እነዚህ ይብሳሉ። በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል። 220 የነበረው 190 ሲሆን ያው የ16 ኦም ምጣድ 2,256 ዋት ብቻ ያወጣል፤ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን አጣ ማለት ነው። እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ አክንባሎው ሲነሣ ከታች ሊጥ ሊጥ ይላል። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት በፋሲካ ሰሞን ይህ ደርሶባቸው «ምጣዴ ደከመ» ብለው ለጠጋኝ ሰጡት። ጠጋኙ ቮልቴጅ ሳይለካ ሽቦውን አሳጠረላቸው። በዓሉ አልፎ መስመሩ ወደ ቦታው ሲመለስ ሽቦው ተቃጠለ፤ ሸክላውም ከመሃል እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ወደ እኔ ሲመጡ «ልጄ፣ ባይነካው ይሻለኝ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አሟሽተው፣ እጃቸው ለምዶት የኖረ ሸክላ ነበር።

ምጣድ ደከመ ስትባሉ መጀመሪያ ምጣዱ እየሠራ ሳለ የሶኬቱን ቮልቴጅ በቴስተር (ቮልትና ኦም በሚለካው መሣሪያ) ለኩ። 190 ካያችሁ ምጣዱን አትንኩት። በሌላ ሰዓት እንዲጋግሩ ምከሩና ሂዱ፤ ገንዘብም አትቀበሉ።

የተበጠሰውን መቋጠር

ሽቦው ላይ የምታዩት ግራጫ ቅርፊት ጥበቃው ነው፤ ከሥሩ ያለውን ብረት ከአየር ይከላከላል። ነገር ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሁለት ያረጁ ጫፎችን ሳትፍቁ ብታጠማዝዟቸው ቅርፊት ከቅርፊት ጋር ነው ያገናኛችሁት፤ ቋጠሮው ውስጥ ብልጭታ ይፈጠርና ያንኑ ቦታ ይበላዋል። ለአንድ ቀን ማለፊያ የግድ ከሆነ ብረቱ እስኪያበራ ፍቃችሁ አጥብቁት፤ ለባለቤቱም ጊዜያዊ መሆኑን ንገሩ። ትክክለኛው መፍትሔ ሙሉውን መቀየር ነው። አንዳንዱ ሽቦ ደግሞ ከጋለ በኋላ እንደ ደረቅ ጭራሮ ይሰበራል፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ አለ።

ሽቦ በዓይን መግዛት

ገበያ ላይ የሚገኘው የምጣድ ሽቦ በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት አይወጣም። አንዱ ኒክሮም ነው፤ አልበርት ማርሽ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1906 የፈጠራ መብት ያገኘበት የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ። በብዛት የሚታወቀው 80 በመቶ ኒኬልና 20 በመቶ ክሮሚየም ያለው ነው። ሌላው ከብረት፣ ከክሮሚየምና ከአሉሚኒየም የተሠራው ሲሆን ካንታል የሚባለው ከዚህ ወገን ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ኒክሮም አይሳብም፤ ሁለተኛው ይሳባል። ሁለተኛው ከፍ ያለ ሙቀት ይችላል፤ ነገር ግን አንዴ ከጋለ በኋላ ይሰባበራል፤ በቀዝቃዛው ማጠፍ አይቻልም። ኒክሮም አርጅቶም ይታጠፋል። የቱ እንደሆነ ሳያውቁ አሮጌ ሽቦ ከቦዩ (ሽቦው ከሚቀመጥበት የሸክላው ጎድጎድ) አውጥቶ እንደገና ለመግጠም መድከም ከንቱ ነው።

ሻጩ «ባለ 3,500 ዋት ነው» ቢላችሁ አመስግናችሁ ለኩ። 3,500 ዋት ለማግኘት 14 ኦም ገደማ ያስፈልጋል። ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር የሆነ ኒክሮም በሜትር 1.4 ኦም ያህል አለው፤ ስለዚህ 10 ሜትር ይበቃል። 0.8 ሚሊሜትር የሆነው በሜትር 2.2 ኦም ገደማ ስላለው ከ6 ሜትር ተኩል ያልበለጠ ሽቦ ያንኑ ዋት ይሰጣል። ዋጋው የሚረክሰው ለዚህ ነው፤ ቶሎ የሚቃጠለውም ለዚህ ነው። በተመሳሳይ ዋት ወፍራምና ረጅሙን ምረጡ። ስትለኩ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አስቀድማችሁ አነካኩና የሚያሳየውን ቀንሱ። የኒክሮም ኦም ሲግልም ብዙ ስለማይለወጥ በቀዝቃዛው የለካችሁት ያስተማምናል።

ተራ የብረት ሽቦ ጠቅልሎ የሚያስገባም አጋጥሞኛል። ይህን እንደ ጥገና አልቆጥረውም።

እያስገቡ መለጠጥ

ጀማሪዎች ጥቅሉን (ተጠምዝዞ የተጠቀለለውን ሽቦ) በቦዩ እየጎተቱ ያስገቡታል። ሲጀምሩ ይለጠጣል፤ መጨረሻ ላይ ሽቦው ተርፎ ይጨናነቃል። በተጨናነቀው በኩል እንጀራው ያርራል፤ በተለጠጠው በኩል ይነጣል። ሽቦውም መጀመሪያ የሚበጠሰው በተጨናነቀው በኩል ነው፤ ጠምዛዞቹ እርስ በርሳቸው ይጋጋላሉና። መጀመሪያ የቦዩን ርዝመት በክር ለኩ። ቀጥሎ ጥቅሉን ከምጣዱ ውጭ ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ በእኩል ስባችሁ ከክሩ ጋር አስተካክሉ። ስትለቁት ጥቂት ስለሚሰበሰብ ትንሽ አሳልፋችሁ ሳቡ፤ ከመጠን በላይ የተለጠጠ ግን ተመልሶ አይስተካከልም። በጠምዛዞቹ መካከል ቢያንስ የሽቦውን ውፍረት የሚያህል ክፍተት ይኑር።

ሁለት ሽቦ ያለውን ማደናገር

ጎን ለጎን የተገናኙ ሁለት የ28 ኦም ሽቦዎች በአንድነት 14 ኦም ይሆናሉ። አንዱን ከሌላው ጫፍ ጋር ቀጥላችሁ ካሰራችኋቸው 56 ኦም ይሆኑና ምጣዱ 864 ዋት ብቻ ያወጣል፤ ሊጡ ተዘርግቶ ይቀራል። ከመፍታታችሁ በፊት አሠራሩን ሣሉ። አንዱ ብቻ ከተበጠሰም ሁለቱንም ቀይሩ።

ጫፉን እንደ መሃሉ ማየት

ሽቦው ከቦዩ ወጥቶ ከገመዱ ጋር የሚታሰርበትን ብሎን የሚነካበት ቦታ መቀዝቀዝ አለበት። መጨረሻውን አጥፋችሁ በራሱ ላይ ግመዱት፤ ድርብ ሲሆን ኦሙ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሙቀቱም ያንሳል። የመዳብ ሽቦ ወደ ሙቀቱ አታስጠጉ፤ ይጠቁርና ይበላል። ማያያዣው ፖርሲሊን ይሁን፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። 14 ኦም ያለው ምጣድ ወደ 16 አምፔር ስለሚስብ ገመዱ ከ2.5 ካሬ ሚሊሜትር አይነስ። በማራዘሚያ መጋገር እሳት መጥራት ነው።

ጀሶው ሳይደርቅ ማብራት

እርጥብ ጀሶ ኤሌክትሪክ ያሾልካል፤ እንፋሎቱም ሸክላውን ይሰነጥቃል። የአዳማ ፀሐይና ነፋስ ሥራውን ይሠራሉ፤ ጥቂት ቀን ታገሡ። ከዚያ ለአጭር ጊዜ አብርቶ ማጥፋት፣ ደግሞ ማብራት፤ በመጨረሻ ማሟሸት።

«ጥቂት ይነዝራል» የሚለውን ማለፍ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ደንበኞች «ነጠላ ጫማ አድርጌ እጋግራለሁ»፣ «ሶኬቱን ገልብጬ ስሰካው ይተወኛል» ይሉኛል። መገልበጡ ሾልኮ የሚወጣውን ፌዝ (ኤሌክትሪክ ያለበትን መስመር) ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ያዛውረዋል እንጂ ብልሽቱን አያጠፋውም። የሚጋግሩት እናቶቻችንና እህቶቻችን እጃቸው በሊጥ ርሶ፣ መሬቱም ውኃ ነክቶት ነው የሚቆሙት። ከብሎኑ እስከ ምጣዱ መክደኛ ቆርቆሮ በቴስተር ስትለኩ ምንም መታየት የለበትም። ቁጥር ካያችሁ ምጣዱን ለባለቤቱ አትመልሱ። የመሬት መስመር የሌለውን ቆርቆሮ ደግሞ ሳታያይዙ አትክደኑት፤ ሶኬቱም የመሬት መስመር እንዳለው ሄዳችሁ እዩ። ማጥፊያውን ብቻ አምናችሁ ምጣድ አትፍቱ፤ ከሶኬት ንቀሉት። አዲስ ጥቅልም «ይግላል ወይ» ብላችሁ በአየር ላይ አንጠልጥላችሁ ከመስመር ጋር አታገናኙ። ለዚህ ቴስተር ይበቃል።

ሳይጽፉ መክደን

ኦሙን፣ የሽቦውን ውፍረትና ቀኑን በማይለቅ ቀለም ከቆርቆሮው ሥር ጻፉ። ምጣዱ ተመልሶ ሲመጣ ለክታችሁ ከጻፋችሁት ጋር ታስተያያላችሁ። ቁጥሩ ካነሰ ከእናንተ በኋላ አንድ ሰው አሳጥሮታል፤ ያኔ መቀጠል ትታችሁ ሙሉ ሽቦ አስገቡ።