በኤሪ ሐይቅ ዳርቻ የገና በረዶ መንገድ ላይ ቢይዝዎት እንዴት እንደሚያድሩ

እዚህ በረዶ የምለው የሐምሌውን ጠጠር አይደለም፤ እንደ ጥጥ ብናኝ እየወረደ መኪና የሚቀብረውን ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 በፈረንጆች ገና ሰሞን በኤሪ ሐይቅ ዳር ያለችውን የአሜሪካዋን ቡፋሎ ከተማ የመታው የበረዶ ማዕበል ከ40 በላይ ሰዎች ገድሏል። በአውሮፕላን ማረፊያው የተለካው በረዶ 130 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር።

ምክንያቱ ሐይቁ ነው። በዲሴምበር የኤሪ ውኃ ገና በረዶ ሆኖ አልረጋም፤ እጅግ የቀዘቀዘ ነፋስ በላዩ ሲያልፍ እርጥበቱን ይሸከምና ዳርቻው ላይ ያራግፈዋል። የበረዶው ደመና እንደ ጠባብ መቀነት ስለሆነ አንዱ ሰፈር ፀሐይ ሲሞቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ እጅዎን እንኳ ማየት ያቅትዎታል። ስለዚህ በመስኮት ሰማዩን አይተው አይውጡ።

1. የአየር ትንበያውን ያንብቡ። ማሽከርከር ከተከለከለ የበዓሉ ግብዣ ይቅር። መውጣት ግድ ከሆነ ነዳጁን ሞልተው ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ ባትሪ፣ የስልክ ቻርጀርና ውኃ ይያዙ። ቆሎም ይጨምሩ፤ ብርድ አያበላሸውም፣ ለጾመኛም ይሆናል።

2. መኪናው ከተያዘ ጥለውት አይሂዱ። ሃምሳ እርምጃ የሚርቅ የሚመስል መብራት በዚያ ነፋስ ውስጥ ይጠፋብዎታል። ወደ አሜሪካ የአደጋ ጥሪ ቁጥር 911 ይደውሉ፤ ደማቅ ጨርቅ አንቴናው ወይም የበሩ እጀታ ላይ ይሰሩ።

3. ይህን አደራ እላለሁ፦ ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ሁልጊዜ የጭስ ማውጫውን ከበረዶ ያጽዱ። ከተደፈነ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ሽታ የለውም፣ እያንቀላፉ ይገድላል። በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ያሙቁ፤ በዚያን ጊዜ ነፋስ በማይመታው በኩል መስኮቱን በጣት ስፋት ይክፈቱ። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማዎት ወዲያው ያጥፉት።

4. ጣቶችዎንና እግሮችዎን ያንቀሳቅሱ። ከሌላ ሰው ጋር ከሆኑ ተጠጋግታችሁ በየተራ ተኙ።

ቤት ውስጥ ሆነው መብራት ቢጠፋም ጠላቱ ያው ነው። ከሰል አቀጣጥሎ ቤት ማስገባት በአገራችን ስንት ሰው እንደቀጠፈ እናውቃለን፤ በበረዶ በታሸገ ቤት ደግሞ ይብሳል። ጄኔሬተርም ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ውጭ ይቀመጥ። ማዕበሉ ሲያልፍ በረዶውን ጥቂት በጥቂት እያረፉ ይዛቁ፤ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን አካፋውን ለጎረቤት ይስጥ።