ሳይታረስ የተዘራ ስንዴ ሲከፋ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሳያርስ፣ ያለፈውን ሰብል ገለባ መሬቱ ላይ ትቶ በቀጥታ መዝራት የጀመረ ገበሬ ማሳው በከፋ ቁጥር ከጎረቤት የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «በሬህን ጥመድ!» እኔ ግን ከበሬው በፊት ዶማ ይነሣ እላለሁ። በአርሲም ሆነ በባሌና በሸዋ ደጋ፣ ባለመታረሱ የሚሳበበው ብዙው ችግር የሚመጣው መሬቱ ራቁቱን በመቅረቱ ወይም ዘሩ ያለ ቦታው በማረፉ ነው። ቆፍሮ ያየ ሰው ይህን ይለያል።

ቡቃያው ሳስቶና ተዘባርቆ ሲወጣ

ባዶው ቦታ ላይ ተንበርክከው ትልሙን በጣት ይክፈቱ። ዘሩ በታጠፈ ገለባ ላይ ተኝቶ ካገኙት መንስኤው ያ ነው። ትልሙን የሚከፍተው የመዝሪያ መሣሪያ ብረት እርጥብ ገለባን መቁረጥ ሲያቅተው አጥፎ ወደ ትልሙ ያስገባዋል፤ ዘሩም እዚያው ላይ ይወድቅና ጥቂት እርጥበት አግኝቶ ያጎነቁላል፣ ሥሩ አፈር ሳይነካ ግን ይደርቃል። ስለዚህ ጤዛው ሳይረግፍ አይዝሩ፤ ገለባው ደርቆ በእጅ ሲሰበር ይጀምሩ። ኮምባይነር የሚያጭድበት ማሳ ከሆነ ማሽኑ ከኋላው በመስመር የሚጥለው ክምር በአጨዳው ሰሞን ይበተን፤ የመዝሪያው ወቅት እስኪደርስ ከተተወ እርጥበት ይዞ ይተኛል።

ዘሩ አፈር ነክቶም ካልወጣ ጥልቀቱን ይለኩ። ለስንዴ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ይበቃል። ትልሙ ሳይዘጋ ከቀረ ደግሞ ወፍ ይለቅመዋል፤ ከመዝሪያው ኋላ በእግር ወይም በቅርንጫፍ መድፈን ይረዳል።

ቡቃያው ሲገረጣ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አንድ ዓይነት ቢጫ ያሳያሉና።

ቢጫው ማሳውን ሙሉ ያዳረሰና ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ጫፍ የጀመረ ከሆነ የናይትሮጅን እጥረት ነው። የስንዴ ገለባ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን 80 እጅ ያህል ካርቦን ይይዛል፤ ገለባውን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ነፍሳት ደግሞ የሚስማማቸው 25 ለ1 ገደማ ነው። የጎደላቸውን ከአፈሩ ስለሚወስዱ ቡቃያው ይራባል። ከዩሪያው የተወሰነውን በመዝሪያው ዕለት፣ ከዘሩ ራቅ አድርገው አፈር ውስጥ ይቅበሩ። ገለባ ላይ የተበተነ ዩሪያ ወደ አሞኒያ ጋዝነት እየተለወጠ ይባክናል። ከባቄላ ወይም ከአተር ቀጥሎ የሚዘራ ስንዴ ይህ ችግር ብዙም አይነካውም።

ቢጫው ዝቅ ባለው ቦታ ብቻ ከታየ ግን ማዳበሪያውን ያቆዩትና ይቆፍሩ። ጉድጓዱ ውኃ ካቆረ፣ አፈሩም ከሸተተ ሥሩ አየር አጥቷል። ዋልካ መሬት ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ በዚያ ላይ የሚጨመረው ዩሪያ ወደ አየር ይሄዳል። መፍትሄው በመካከሉ ቦይ ያለው ቋሚ ሰፋፊ መደብ መሥራት ነው። መደቡ አንዴ ከተሠራ ሳይነካ ይቆያል፣ በየዓመቱ የሚጠረገው ቦዩ ብቻ ነው።

ሰርዶና ጊጫ ማሳውን ሲወርሱት

ሳያርሱ መዝራት ከመጀመሩ በፊት መጥፋት የነበረባቸው እነዚህ አረሞች ናቸው፤ ከሥር ስለሚያቆጠቁጡ ስንዴው ከበቀለ በኋላ በቀላሉ አይነቀሉም። ግላይፎሴት የተባለውን የአረም መድኃኒት የሚረጩ ከሆነ ጥርት ባለ ውኃ ይበጥብጡት፣ አረሙም ለምለምና አቧራ የሌለበት ይሁን። መድኃኒቱ ከሸክላ አፈር ጋር ስለሚጣበቅ በድፍርስ ውኃ ከተበጠበጠ ኃይሉን ያጣል። «መድኃኒቱ አልሠራም» ሲባል መጀመሪያ ባልዲው ይታይ። ስናር (የዱር አጃ) ሌላ ነው፤ በስንዴ መካከል ለመለየት አስቸጋሪ ስለሆነ ማሳውን ለባቄላ አዙረው፣ ፍሬ ሳይጥል ይንቀሉት።

ሥሩ ወደ ጎን ሲታጠፍ

ለዓመታት ማረሻ በተመሳሳይ ጥልቀት የሄደበት መሬት ከሥር የጠጠረ ንጣፍ አለው። ቀጭን ብረት ሲተክሉ ድንገት የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ማረስ ከማቆም በፊት በደረቁ ወቅት አንዴ ጠልቆ መሰበር አለበት፤ ከዚያ ጎመንዘር ዘርተው ሥሩ የተሰበረውን ይከተል።

ቅጠሉ ሲታመም

ዋግን በገለባው አያሳብቡ፤ የሚኖረው በሕያው ተክል ላይ ነውና መሸሸጊያው ወፍ ዘራሽ ስንዴ ነው። ከመዝሪያው ሳምንታት ቀድሞ ይጥፋ። በገለባ ላይ የሚያድሩት እንደ ሴፕቶሪያ ያሉ የቅጠል ነጠብጣብ በሽታዎች ናቸው፤ የሚገታቸው ስንዴን በስንዴ ላይ አለመዝራት ነው።

ዝናቡ ሳይሰርግ ሲሸሽና የመሬቱ ላይ ሲደፈን

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ገለባው ለከብት ሄዶ፣ መሬቱም አለመታረሱ ብቻ ከቀረ ውጤቱ ከታረሰው ሊብስ ይችላል። የዝናቡ ጠብታ አፈሩን ይመታዋል፣ የላዩ ይደፈናል፣ ልቅ ግጦሽ ያመጣው ኮቴ ደግሞ ይረግጠዋል።

ሽፋኑን ለመለካት 10 ሜትር ገመድ ወስደው በየ10 ሴንቲሜትሩ ይቋጥሩ፤ 100 ቋጠሮ ይሆናል። ማሳው ላይ ትልሙን በሰያፍ አቋርጠው ይዘርጉና ገለባ ላይ ያረፉትን ቋጠሮዎች ይቁጠሩ። በመዝሪያ ጊዜ ከ30 ካነሱ ሽፋኑ አነስተኛ ነው።

ከብቱ መብላት አለበት፤ ይህን የማያነሳ ምክር ለገበሬው አይጠቅምም። ከፍ አድርጎ ማጨድ፣ ከገለባው ከፊሉን ወደ ቤት ወስዶ ከፊሉን መተው፣ በድንበሩ ላይ ትሪሉሰርን (የመኖ ዛፍ) ወይም ዝሆኔ ሣር መትከል ይቻላል። የጎረቤት ከብት የሚገባበት ማሳ ግን ያለ መንደሩ ስምምነት ሽፋን አይይዝም። ስምምነቱ እስኪገኝ ያን ማሳ እንደ ወትሮው ማረሱን ይቀጥሉ፤ ሳያርሱ መዝራቱን ለቤትዎ በቀረበውና በታጠረው ላይ ይጀምሩ።