ያረጀ ቶርኖ ልክ ሲያስት፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያዞረ የሚላጨው ማሽን፣ ላይ ዕቃ በተበላሸ ቁጥር "ማሽኑ አርጅቷል" ማለት ይቀናናል። እርጅናው እውነት ነው፤ ግን የት ጋ ነው ያረጀው? የተበላሸውን ዕቃ በደንብ ለኩት፤ ራሱ ይነግራችኋል።

አንዱ ጫፍ ወፍሮ ወጣ

የወፍጮ ሻፍት ነበር፣ በሁለት ሴንተር (ብረቱን ከሁለት ጫፍ በሚደግፉ ሹሎች) መሃል የተሠራ። ኩሽኔታው ባንዱ ጫፍ ልክ ገባ፤ በሌላው እምቢ አለ። ማይክሮሜትሩ በቻኩ (ብረት ነክሶ በሚያዞረው) በኩል 50.00፣ በቴልስቶኩ (ሌላውን ጫፍ በሚደግፈው) በኩል 50.06 ሚሊ ሜትር አሳየን። ማሽኑን ረገምነው። ለካ ቴልስቶኩ ነው ከመሃል ወደ ኋላ የሸሸው።

መፍትሄው የልዩነቱን ግማሽ፣ 0.03 ሚሊ ሜትር፣ ወደ መቁረጫው ማምጣት ነው። ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) አስደግፋችሁ ግፉት፤ በዓይን ግምት አይሆንም። ያ ጫፍ ቀጥኖ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ነው። የወፈረ መልሶ ይላጫል፤ የቀጠነ ግን ለቁራሊያው።

ቻክ ላይ ብቻ የታሰረ አጭር፣ ወፍራም ብረትም እንዲሁ ካደረገ ቤዱ፣ የማሽኑ መሠረት ሐዲድ፣ ተጣሞ ይሆናል። በትክክለኛ የማሽን ውሃ ልክ ሁለቱንም ጫፍ በአግድም እዩና የእግሮቹን ብሎን አስተካክሉ። የግንበኛው ውሃ ልክ አይበቃም።

ካሬጁ ቻኩ ጋ ይላላል፣ ራቅ ሲል ይጠብቃል

የእውነት እርጅና ይሄ ነው። ካሬጁ መቁረጫውን ተሸክሞ ቤዱ ላይ ይንሸራተታል፤ አብዛኛው ሥራ አጭር ስለሆነ ቤዱ የሚበላው ቻኩ አጠገብ ነው። ፍቱን መድኃኒቱ ቤዱን ማስሞረድ ነው፤ ወጪው ግን ቀላል አይደለም። እስከዚያው በየቁርጡ እየለካችሁ ትንሽ ትንሽ ላጩ።

ይንጫጫል፣ ክቡም ክብ አይሆንም

መጀመሪያ መቁረጫውን አሳጥራችሁ እሰሩ። ካልተወው ዳያሉን ስፒንድሉ (ቻኩን የሚያዞረው ዘንግ) ላይ አሳርፉና በእንጨት ወደ ላይ ፈንቀል አድርጉት። መርፌው ከዘለለ የስፒንድሉ ኩሽኔታ ይጥበቅ ወይም ይቀየር።

ገልብጠው ሲያስሩት ይዋልላል

የቻኩ ጥርስ አልቋል። ከተቻለ ሳትፈቱ ባንድ እስር ጨርሱ። ካልሆነ ባለ አራት ጥርስ ቻክና ዳያል።

እጀታው ይዞራል፣ መቁረጫው አይሄድም

መቁረጫውን ወደ ብረቱ የሚያስገባው የመስቀለኛው ብሎን ዳዶ ተበልቷል። ወደ ልኩ ሁልጊዜ ካንድ አቅጣጫ ቅረቡ። ካለፋችሁ ሙሉ ዙር መልሳችሁ እንደገና ኑ። ዳዶው ነሐስ ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ደግነቱ አዲሱን ያው ቶርኖ ራሱ ይሠራዋል፤ አሮጌውን ከማውለቃችሁ በፊት ግን ጨርሱት።